ማርሽ በእጅ፣ ሞተር በጆሮ

ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ፎርሙላ አንድ የመኪና እሽቅድምድም የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የዛሬዎቹን የውድድር መኪኖች ፍጥነት በሚገባ ካስረዱ በኋላ፣ የዘመኑ ነጂዎች በመሪያቸው ላይ የተደረደሩትን ቁልፎች ሁሉ እያዘዙ ስለሚነዱ፣ ማርሽ በእጃቸው ይለውጡ ከነበሩት ከቀደሙት ነጂዎች በችሎታ እንደሚበልጡ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ደምድመው ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻግረዋል። ስለ ፍጥነቱ የጻፉት እውነት ስለሆነ ክርክር የለኝም። ችሎታን በተመለከተ ግን የእጅ ማርሽ ከነጂው ምን ይጠይቅ እንደነበር አንድም ቃል ሳይነገር ፍርድ መሰጠቱ፣ የተከሳሹን ቃል ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ሆኖ ተሰምቶኛል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም የተከሳሹን ቃል ለማሰማት ነው።

እኔ የውድድር መኪና ነድቼ አላውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ የምኖር፣ ዕድሜዬን በጭነት መኪና ሹፌርነት ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ፤ እሽቅድምድሙንም የማየው እሑድ እሑድ የልጅ ልጄ በሚከፍትልኝ ቴሌቪዥን ነው። ታዲያ በምን ሥልጣን ትናገራለህ ብባል፣ ሥልጣኔ ካምቢዮ ነው። ሥራ የጀመርኩት በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ በረዳትነት ሲሆን፣ የዛሬ ወጣቶች በስም እንኳ የማያውቁት ያ መኪና ማርሾቹን ራሱ የሚያስማማ ካምቢዮ አልነበረውም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነትና ጎማው የሚዞርበት ፍጥነት አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ገብቶ የሚያስታርቃቸው ካምቢዮ ነው። የቅርብ ጊዜ የቤት መኪና፣ ማኑዋል ቢሆን እንኳ፣ በካምቢዮው ውስጥ የሚገናኙትን ክፍሎች አስቀድሞ እኩል እንዲዞሩ የሚያደርግ ቀለበት ስላለው፣ ነጂው ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን ፔዳል) ረግጦ ዘንጉን ሲገፋው ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባለታል። በኤንትሬ ላይ ግን የዚያን ቀለበት ሥራ የሚሠራው ሹፌሩ ራሱ ነበር። ማርሽ ለመቀነስ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ዘንጉ ወደ ዜሮ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ወደማይያዝበት ቦታ፣ ይወጣል፣ ፍሪሲዮን ይለቀቃል፣ ነዳጅ ተሰጥቶ ሞተሩ በልኩ ይነሣል፣ ፍሪሲዮን እንደገና ይረገጣል፣ ዘንጉ ወደ ታችኛው ማርሽ የሚገፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚህ ውስጥ ትልቁን ነገር የያዘችው “በልኩ” የምትለዋ ቃል ናት። ነዳጁ ካነሰ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል፤ ከበዛም እንዲሁ። ልኩን የሚነግርህ መሣሪያ ፊት ለፊትህ አልተሰቀለም፤ የሚታወቀው በጆሮ ነበር።

ያስተማሩኝ ሹፌር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሪ ከማስጨበጣቸው በፊት ለብዙ ወራት ያለማመዱኝ መስማትን ነው። ከጎናቸው አስቀምጠው ዓይኔን ያስጨፍኑኝና “አሁን ስንተኛ ላይ ነን?” ይሉኛል። ስሳሳት አይቆጡም ነበር፤ መኪናውን ያቆሙና ቀሪውን መንገድ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ እንድጓዝ ያደርጉኛል። በክረምት ይህን ቅጣት ሁለት ሦስት ጊዜ የቀመሰ ሰው የሁለተኛንና የሦስተኛን ማርሽ ድምፅ ዕድሜ ልኩን አይረሳም።

ብዙ ተምሬያለሁ ብዬ በምኮራበት ጊዜ ግን ጆሮዬ አንድ ቀን ከድቶኛል። ሹፌር ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሙሉ ጭነት ይዤ ከጎሐ ጽዮን በታች አባይ በረሃን እወርዳለሁ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ አቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። እኔ ግን በሦስተኛ ጀምሬ ኖሮ፣ መኪናው ሲከብደኝ ወደ ሁለተኛ ልቀንስ ብዬ ዘንጉን ወደ ዜሮ አወጣሁት፤ የሰጠሁት ነዳጅ አነሰና ማርሹ አልገባም አለ። ጭነት የያዘ መኪና በዜሮ ማርሽ ቁልቁል ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚያስፈራው ፍጥነቱ ሳይሆን ጸጥታው ነው። ሞተሩ ዝም ይላል፣ ነፋሱና የጭነቱ ገመድ ሲጢጢ ማለት ብቻ ይሰማል። ከእንግዲህ ሁለተኛው እንደማይገባ ስለገባኝ ሞተሩን እስኪጮህ አስነሥቼ ሦስተኛውን መልሼ አገኘሁት፤ በእሱና በፍሬን እየታገልኩ የታችኛው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ የፍሬኑ ሸራ ጭስ ጋቢናውን ሞልቶት ነበር። መኪናው ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

በእጅ ማርሽ ዘመን የነበረው የውድድር መኪና በዋናው ነገር ከኤንትሬ አይለይም ነበር ብል ጸሐፊው ይስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው። የውድድር ካምቢዮ ፈጣንና ጠንካራ እንዲሆን ሲባል የሚያስማማው ቀለበት አይገባበትም፤ ጥርሶቹ በቀጥታ ይያያዛሉ፣ ስለዚህ የሞተሩን ፍጥነት ከጎማው ጋር የሚያስማማው የነጂው እግር ነው። ልዩነቱ እኔ ሦስት ሰከንድ ወስጄ የምሠራውን እነሱ በሰከንድ ክፋይ፣ ያውም በኃይል ፍሬን እየያዙ መሥራታቸው ነው። ነጂው ወደ ጠመዝማዛው ሲቃረብ በቀኝ እግሩ ጣቶች ፍሬኑን ረግጦ ሳይለቅ፣ በዚያው እግር ተረከዝ ወይም ጎን ነዳጁን ይነካል፤ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ዘንጉን ይስባል። ሞተሩን በልኩ ካላስነሣው ፍሪሲዮኑን ሲለቅ የኋላ ጎማዎች ለቅጽበት ተይዘው መኪናዋ ትሽከረከራለች። አራተኛን ፈልጎ ሁለተኛን ካገኘ ደግሞ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይዞርና ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል፤ ውድድሩ በዚያው ያበቃል።

ይህ ስንት ጊዜ ይደጋገም እንደነበር ለመገመት አንድ ስሌት ላቅርብ። በሞናኮ ከተማ ጎዳናዎች የሚካሄደው ውድድር 78 ዙር ነው። በአንድ ዙር 25 ጊዜ ብቻ ማርሽ ይለወጣል ብለን ብናስብ 1950 ጊዜ ይሆናል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ የበዛበት በመሆኑ ደግሞ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ያን ሁሉ እንቅስቃሴ ሳያዛንፍ የሚፈጽም ሰው፣ መሪው ላይ ቁልፍ ስላልነበረው ብቻ ሥራ አነሰለት ማለት እንዴት ይቻላል?

ከእነዚያ ነጂዎች መካከል እኔ የማከብረው የአርጀንቲናውን ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮን ነው። ምናልባት የማደላለት ከጋራዥ ስለወጣ ይሆናል፤ ባልካርሴ በምትባለው ከተማው መካኒክ ነበርና። የዓለም ሻምፒዮና ከመጀመሩ ከአሥር ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ከቦነስ አይረስ ተነሥቶ ሊማ ደርሶ የሚመለሰውን ረጅም ውድድር በሸቭሮሌት አሸንፏል፤ በኋላም አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ኑርቡርግሪንግ፣ አንዱ ዙር ወደ 23 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ተራራማ መንገድ ላይ፣ በማዜራቲ መኪናው ነዳጅ ለመሙላትና ጎማ ለመለወጥ ቆሞ ሲነሣ፣ ሁለቱ የፌራሪ ነጂዎች ማይክ ሆውቶርንና ፒተር ኮሊንስ ከ45 ሰከንድ በላይ ቀድመውት ነበር። ሰውየው 46 ዓመቱ ነው። የዙሩን ክብረ ወሰን በተደጋጋሚ እየሰበረ ተከታትሎ፣ ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ዙር ሲቀረው ሁለቱንም አለፋቸው፤ ያሸነፈውም አራት ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሰዓቱ አይደለም። በኋላ እሱ ራሱ እንዳስረዳው፣ አንዳንዶቹን ጠመዝማዞች በዚያ ቀን ያለፋቸው ከወትሮው በአንድ ከፍ ባለ ማርሽ ነበር። ከባድ መኪና ቁልቁል የወሰደ ሰው ይህን ሲሰማ ሰውነቱን ውርር ያደርገዋል። በከፍተኛ ማርሽ ጠመዝማዛ የገባ መኪና ሞተሩ አይዘውም፤ ሲወጣ የበለጠ ፍጥነት ይኖረዋል፣ ሲገባ ግን ነጂው በእጁ ያለውን መያዣ አስቀድሞ ጥሏል ማለት ነው።

ዘንጉ ከፎርሙላ አንድ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ባርናርድ ለፌራሪ በሠራው መኪና ላይ ዘንጉን አስወግዶ፣ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚሳቡ ሁለት ማንሻዎችን አደረገ፤ ፍሪሲዮን መርገጥ ያስፈልግ የነበረው ሲነሣ ብቻ ሆነ። መኪናው በልምምድ ጊዜ ደጋግሞ ስለሚበላሽ፣ የቡድኑ ነጂ ናይጀል ማንሴል የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድር፣ የብራዚሉን፣ እንደማይጨርስ አስቦ በጊዜ ወደ አገሩ የሚመልሰው በረራ ይዞ እንደነበር ራሱ ይተርካል፤ ውድድሩን ግን አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹም ተከተሉ።

የእጅ ማርሽ የመጨረሻው ታላቅ ቀን፣ እንደ እኔ ግምት፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1991 ነው። አይርተን ሴና በአገሩ በብራዚል ሰባት ዓመት ተወዳድሮ አንድ ጊዜም አላሸነፈም ነበር። በዚያ ቀን በሳኦ ፓውሎ የማክላረን መኪናውን በእጅ ማርሽ እየነዳ ሲመራ መጀመሪያ አራተኛው ማርሽ ጠፋበት፤ ቀጥሎም ሌሎቹ ሄዱ፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች የቀረው ስድስተኛው ብቻ ነበር። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ መቅረት ማለት ነው። በዝግታ በሚታለፈው ጠመዝማዛ ሞተሩ ሊጠፋ ይንተፋተፋል፤ በቀጥታው መንገድ ላይ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ምንም አያግዝም። ዝናብም ጣለበት። ሦስት ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት አንደኛ ወጣ፤ ከድካም ብዛት ዋንጫውን ከፍ ለማድረግ ክንዱ እንቢ አለው። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ሌላው ነገር ግን ከኋላው የሆነው ነው። ያሳድደው የነበረው ያው ማንሴል፣ አሁን በጣት የሚለወጥ አዲስ ካምቢዮ ባለው ዊሊያምስ መኪና፣ ካምቢዮው ተበላሽቶበት ከውድድሩ ወጣ። የተበላሸውን የእጅ ካምቢዮ ሰው አባብሎ ቤቱ አደረሰው፤ አዲሱን ማባበል አልተቻለም። በዚያ ዓመት ሻምፒዮን የሆነውም ሴና ነው፤ የእጅ ማርሽ ባለው መኪና የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ፎርቲ የተባለው ትንሽ የጣሊያን ቡድን የመጨረሻውን ባለ ዘንግ መኪና አሰልፎ ነገሩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ፈረንጅ ብቻ ማንሣቴ እንዳያሳዝነኝ ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በአዲስ አበባ ዳርቻ በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየተወያየ ስለሚሄድባት “ውይይት” ያልናት ፔጆ 404፣ ማርሿ ከመሪው ሥር ነበር። ይህችው 404 በኬንያ በሚካሄደው በሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አራት ጊዜ አሸንፋለች። ከእነዚህ በሁለቱ፣ በ1963ና በ1968፣ ከሰማንያ በላይ መኪኖች ተነሥተው እስከ መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በመካከሉ፣ በ1965፣ ያሸነፈው ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ፣ እሱም መካኒክ፣ ያገለገለ ቮልቮ ይዞ ነው፤ በ1974ና በ1976ም በሚትሱቢሺ ደግሟል። በጭቃና በአቧራ ላይ ለቀናት የሚነዳ ሰው ካምቢዮውን ከሰበረ የሚያወጣው የለም፤ ስለዚህ የዚያ ውድድር ጥበብ ግማሹ መፍጠን ቢሆን ግማሹ ማርሽን ማክበር ነበር። የእኛዎቹ የውይይት ሹፌሮችም ሽልማት አላገኙበትም እንጂ በክረምት ጭቃ ከነጭነቱ ሲወጡ የሚሠሩት ያንኑ ነበር፤ እዚህ ሱሉልታ ላይ ከፍታው የካርቡራቶር ሞተርን ጉልበት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ ማርሽ የማያውቅ ሰው እንጦጦን በዋዛ አይወጣም ነበር።

የአዲሱን ዘመን ጥቅም አልክድም። ሁለት እጅ መሪ ላይ መሆኑ ደኅንነት ነው፤ በማርሽ ስህተት የሚቃጠል ሞተር መቅረቱም ገንዘብ ነው። የዛሬ ነጂዎች በጠመዝማዛ ላይ አንገታቸው የሚሸከመውን ጫና እኔ አንድ ዙር እንኳ እንደማልችለው አውቃለሁ። ቀድሞ የሞቱትን ብዛት ለሚያስታውስ ሰው ያለፈውን ዘመን በጅምላ ማወደስም ነውር ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ነጂው ሊሳሳትበት የማይችለው ነገር ችሎታውን ሊያሳይበትም አይችልም። ዛሬ ማንሻውን ሲስብ ሞተሩን በልኩ የሚያስነሣለት ኮምፒዩተሩ ነው፤ ሞተሩን ሊሰብር የሚችል ማርሽ ቢጠይቅም እንቢ ይለዋል። የውድድሩ አስተዳዳሪዎችም ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2001 ውድድር ዘመን ኮምፒዩተሩ ከነጭራሹ ራሱ ማርሽ እንዲለውጥ ፈቅደው፣ ከ2004 ጀምሮ ከልክለውታል። በዓለም ራሊ ሻምፒዮናም ከ2022 ወዲህ የከፍተኛው ምድብ መኪኖች የመሪውን ማንሻ ትተው ወደ እጅ ዘንግ ተመልሰዋል፤ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ ቢሆንም፣ ቢያንስ እጅ ሥራ አግኝቷል።

የልጅ ልጄ የድሮ ውድድሮችን ከነጂው ጎን የተቀረጹትን በስልኩ ይፈልግልኛል። እኔም መምህሬ እንዳደረጉኝ ዓይኑን አስጨፍኜ “ስንተኛ ላይ ነው?” እለዋለሁ። በእጅ ማርሽ ዘመን የተቀረጸ ከሆነ ጥቂት ከለመደ በኋላ ያገኘዋል፤ ሞተሩ ዝቅ ሲል፣ ለአፍታ ባዶ ሲሆን፣ ነዳጅ ሲነካ፣ ሲያያዝ ይሰማል፤ ነጂው ሲደክመውም ያቺ አፍታ ስትረዝም ይሰማል። የዛሬውን ስከፍትለት ግን ድምፁ እንደሚቀደድ አቡጀዲ አንድ ወጥ ነው። “አባባ፣ ይኼ ሰውየው ይሁን መኪናው አይለይም” አለኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ጊዜ ሲደርስ የማርሽ ዘንግ ያለው መኪና ማግኘቱንም እጠራጠራለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በእኛም መንገድ ላይ በዝተዋል፤ እነሱ ደግሞ የሚለወጥ ማርሽ የላቸውም። ለነዳጁ ወጪ ሲባል የተደረገ ነውና አልቃወምም።

ስለዚህ ለጸሐፊው ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከማጽናታቸው በፊት አንድ ቀን ወደ ሱሉልታ ብቅ ይበሉ። ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ ከሥራ የወጣች አንዲት ውይይት አለች፤ ባለቤቱ እየፈቀደልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን አስነሣለሁ፣ ካምቢዮዋ አሁንም ጤነኛ ነው። ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ወደ እንጦጦ አቀበት ይዣቸው ልውጣና ማርሽ ሳያስጮኹ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ እንዲቀንሱ ልጋብዛቸው። ሲመጡ ግን ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ እንዲያደርጉ ንገሩልኝ፤ ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚይዝ በወፍራም ሶል አይታወቅም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ ሹፌር
ሱሉልታ